ባሕር በሌለበት አገር የመጀመሪያውን የእንጨት መርከብ ሞዴል መሥራት

የገዳሪፍ ስም የሚነሣው ከሰሊጥና ከማሽላ ጋር ነው፤ ከመርከብ ጋር አይደለም። ቀይ ባሕር ከከተማዋ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። በምሥራቅ ሱዳን ድንበር አካባቢ ለሚኖር ሰው ጀልባ ማለት በቅድሚያ የወንዝ ጀልባ ነው፤ ከኢትዮጵያ ተከዜ ተብሎ ወርዶ ሱዳን ሲገባ ሰቲት የሚባለውን ውኃ የሚያሻግር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ በተቀሰቀሰው ጦርነት ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች በሳምንታት ውስጥ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ፣ ብዙዎቹ ሐምዳየት ላይ ወንዙን የተሻገሩት በትናንሽ ጀልባዎች ነበር።

በትርፍ ጊዜው ከእንጨት የመርከብ ሞዴል ለመሥራት የሚነሣ ጀማሪ ግን ስለዚህ ጀልባ እምብዛም አያስብም። በዓይነ ሕሊናው የሚመጣው ሦስት ምሰሶ፣ የተደራረበ ሸራና በጎኑ የተደረደሩ መድፎች ያሉት የአውሮፓ የጦር መርከብ ነው። በዓለም ዙሪያ ከሚሸጡት የሞዴል ዕቃዎች መካከል እ.አ.አ. በ1765 ውኃ ላይ የወረደው የእንግሊዙ ‹‹ቪክቶሪ›› ከታዋቂዎቹ አንዱ ነው። 104 መድፍ የነበረው ይህ መርከብ ልምድ ላለው ሰው እንኳ የዓመታት ሥራ ነው። በዚህ የሚጀምሩ ብዙዎች ቀፎውን ሳይጨርሱ ሣጥኑን ወደ ጓዳ ይመልሱታል።

ከጀማሪ የሚጠበቀው ዋናው ውሳኔ፣ ከመሣሪያውም ከእንጨቱም በፊት፣ የትኛውን መርከብ ልሥራ የሚለው ነው። በምሥራቅ ሱዳን ለሚገኝ ሰው መልሱ ቅርብ ይመስላል፦ ሄዶ ሊነካውና በሜትር ሊለካው የሚችለውን።

አጥንት ይቅደም ወይስ ቆዳ?

የእንጨት መርከብ የሚሠራባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። በአንደኛው መጀመሪያ ከታች ወጥ የሆነ የጀርባ አጥንት ይዘረጋል፤ በእሱ ላይ የጎድን አጥንቶች ይተከላሉ፤ ሳንቃው እንደ ቆዳ የሚለብሰው በመጨረሻ ነው። ከውጭ የሚመጡት የሞዴል ዕቃዎች በአብዛኛው የሚከተሉት ይህንን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግልባጩ ነው። ሳንቃ ከሳንቃ ጋር እየተያያዘ መጀመሪያ ቆዳው ይቆማል፤ አጥንት ካስፈለገ ኋላ ይገባል። የአባይ ወንዝ ሸለቆ ጀልባ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የያዙት ይህንን ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ግብጽ የጭነት ጀልባ ሲጽፍ፣ ሠሪዎቹ ከግራር ሁለት ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ሳንቃ ቆርጠው እንደ ጡብ እንደሚደረድሩት፣ የጎድን አጥንትም እንደማይጠቀሙ ገልጾ ነበር። ምሁራን ገለጻውን ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩበት ቆይተዋል። በአሌክሳንድርያ አቅራቢያ ከሰጠመችው የቶኒስ ሄራክሊዮን ወደብ የተገኘና ዝርዝር ጥናቱ እ.አ.አ. በ2019 የታተመ አንድ መርከብ ግን ከሄሮዶቱስ ቃል ጋር በእጅጉ ተቀራርቦ ተገኝቷል።

የሱዳኑ ኑጋር የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ሱንት ከተባለው ግራር በተሰነጠቁ አጫጭርና ወፋፍራም ሳንቃዎች ይሠራል። ግራሩ ጠንካራ ቢሆንም ቀጥ ያለ ረጅም ግንድ ስለማይሰጥ ሳንቃው ከማጠር ሌላ አማራጭ የለውም። ሠሪው ረጅም ምስማር ከላይኛው ሳንቃ በሰያፍ ወደ ታችኛው ይመታል፤ ጎንና ጎኑን ደግሞ አግዳሚ እንጨቶች ያስሩታል። እንግሊዛዊው የጀልባ አጥኚ ጄምስ ሆርኔል እ.አ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ስለ እነዚህ አጥንት አልባ ጀልባዎች ጽፏል።

ጀማሪው ባለሙያ

በሞዴል ሥራ ታሪክ ውስጥ እንደ ግብጻዊው አህመድ የሱፍ ሙስጠፋ ያለ ጀማሪ አይገኝም። እ.አ.አ. በ1954 በጊዛ ታላቁ ፒራሚድ ሥር በአንድ ጉድጓድ ውስጥ የፈርዖን ኩፉ መርከብ ተፈታቶ ተገኘ። ዕድሜው 4 ሺህ 500 ዓመት ገደማ፣ ቁርጥራጩ 1 ሺህ 224፣ እንጨቱ በአብዛኛው የሊባኖስ ዝግባ ነበር። አህመድ የሱፍ የታወቀ የቅርስ ጠጋኝ ነበር፤ መርከብ ግን ሠርቶ አያውቅም።

ስለዚህም ቁርጥራጮቹን ለመገጣጠም አልተጣደፈም። በአባይ ዳርቻ ወደሚገኙ የጀልባ መሥሪያዎች ሄዶ የዘመኑ ሠሪዎች ሳንቃ እንዴት እንደሚያያይዙ ተመለከተ። ከጥንት መቃብሮች የወጡትን ትናንሽ የእንጨት ጀልባዎች መረመረ። ከዚያም የመርከቡን አምሳያ በትንሹ ሠራ። እውነተኛውን መርከብ ደጋግሞ ገጥሞ፣ ደጋግሞ ፈትቶ፣ 43 ሜትር የሚረዝም ሙሉ አካል አድርጎ ለማቆም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። መርከቡ በገመድ የተሰፋ እንጂ በብረት ምስማር የተመታ አልነበረም። ዛሬ የሚገኘው በታላቁ የግብጽ ሙዚየም ነው።

አህመድ የሱፍ ጥያቄውን ይዞ የሚሄድባቸው የጀልባ መሥሪያዎች በዘመኑ ነበሩ። በሱዳን ይህ ዕድል እየጠበበ መጥቷል። በብረት የሚሠሩና በሞተር የሚነዱ ጀልባዎች የኑጋርን ገበያ ቀድመው ወስደዋል፤ በኦምዱርማን የአባይ ዳርቻ የቆየው የጀልባ ሥራ ደግሞ እ.አ.አ. በሚያዝያ 2023 የጀመረው ጦርነት ደርሶበታል። ገዳሪፍ ከሌሎች ግዛቶች ተፈናቅለው የመጡ እጅግ ብዙ ሰዎችን ተቀብላለች። ሙያው በአብዛኛው በእጅ እንጂ በወረቀት የሚተላለፍ ስላልሆነ፣ ከተፈናቀለ ሠሪ ጋር አብሮ ይሰደዳል። በሜትር ተለክቶ የተሠራ ሞዴል ለሠሪው ጨዋታ ቢሆንም ለሌላው ሰነድ ነው።

ከልኬት እስከ ቀፎ

የመጀመሪያው ሥራ ልኬት ነው። የጀልባው ርዝመት፣ በመሐልና በሁለቱ ጫፎች ያለው ስፋት፣ ጥልቀቱና የእያንዳንዱ ሳንቃ ውፍረት ይመዘገባል። በ1 ለ 20 መጠን 10 ሜትር የሚረዝም ጀልባ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃም ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከዚህ እጅግ ያነሰ ሞዴል ለጀማሪ ይቀላል የሚል እምነት አለ፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዕቃው ባነሰ ቁጥር የጣት ስሕተት ይጎላል።

ለትልቁ ጀልባ የሚሆነው ግራር ለትንሹ አይመችም። ጠንካራና የተጠማዘዘ ስለሆነ ወደ ስስ ሳንቃ ሲላግ ይሰነጠቃል። ከድንበሩ ማዶ በአማራ ክልል በቤት ዕቃ ሥራ የታወቀው ዋንዛ በጣም ይሻላል፤ የፍራፍሬ ሣጥን ስስ ጣውላም ለመለማመጃ ይበቃል። መሣሪያው ቀጭን መጋዝ፣ ትንሽ መላጊያ፣ ቢላዋ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላና የልብስ መቆንጠጫ ነው።

አጥንት የሌለውን ቀፎ ጀማሪ በዓይኑ ብቻ መቅረጽ አይችልም። በልኬቱ መሠረት ከወፍራም ካርቶን አምስት ወይም ስድስት የመስቀለኛ ቅርጾች ቆርጦ በጣውላ ላይ ያቆማል፤ ሳንቃው እነሱን ተደግፎ ይያያዛል፤ ኮላው ሲደርቅ ካርቶኑ ይወጣል። ሳንቃው ካርቶኑ ላይ እንዳይጣበቅ ጠርዙን በሰም መቀባት ይገባል። ትልቁ ችግር ያለው በሁለት ሳንቃዎች መጋጠሚያ ላይ ነው። ቀፎው እየጎበጠ ስለሚሄድ የእያንዳንዱ ሳንቃ ጠርዝ በጥቂቱ ሰያፍ ሆኖ መላግ አለበት፤ ያለዚያ በስተውጭ ክፍተት ይቀራል። አንዱን ሳንቃ በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ እያደረጉ መቀጠል ቀፎው ወደ አንድ ወገን እንዳይጣመም ይጠብቀዋል። ጫፍ ላይ መጉበጥ ያለበት ሳንቃ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ኮላ የሚነካው ግን ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው።

የአካባቢው አየር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በበጋ በገዳሪፍ ደረቅ ሙቀት የተጋጠመ እንጨት ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲገባ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በክረምት የተሠራው ደግሞ በበጋ ሸሽቶ ይከፈታል። እንጨቱን ለሳምንታት በሚሠራበት ክፍል ማቆየትና ቀፎውን ከውስጥም ከውጭም ዘይት መቀባት ጉዳቱን ይቀንሳል። ለዚህ በከተማዋ የተትረፈረፈው የሰሊጥ ዘይት አይሆንም፤ በደንብ ስለማይደርቅ እንደተጣበቀ ይቆይና አቧራ ይሰበስባል። በአየር ደርቆ የሚጠነክረው የተልባ ዘይት ነው፤ እሱም በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ቀጣዩ ቅብ ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ቀናት ይፈልጋል።