ደጋን ለምን ይሰበራል? ሁለቱን ክንዶች እኩል የማጉበጥ ሙያ

የእንጨት ደጋን ሲሰበር ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የተሰበረው ክንድ አይደለም፤ ያልጎበጠው ክንድ ነው። አንዱ ክንድ ግትር ብሎ ሲቀመጥ ሌላው የሁለቱንም ሥራ ብቻውን ይሸከማል። ለጊዜው ይችላል፣ ነገም ይችላል፤ አንድ ቀን ግን ቋ ብሎ ይሰበርና ስንጥሩ ፊት ላይ ይመጣል።

ቪዲዮ አይታችሁ ደጋን ለመሥራት የሞከራችሁ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ያልሞከራችሁም አንብቡት፤ ምክንያቱም ነገሩ ሩቅ አገር ያለ ሙያ አይደለም።

🔹 ደጋን እኛ ዘንድ

ደጋን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ፊልም ላይ ያየነው ቀስተኛ ነው። በአቀስታ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ላደገ ሰው ግን ደጋን የማባዘቻ ዕቃም ነው። የተሸለተው የበግ ፀጉር ታጥቦና ተለቃቅሞ ከደጋኑ ሥር ይዘረጋል። የተወጠረው ጅማት ሲመታ ይርገበገባል፤ የተጣበቀው ፀጉርም ይፍታታል፣ ይነፋል። ከዚያ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ብርድ የሚመልስ ባና ይሆናል። ጥጥም እንዲሁ ነው፤ ፍሬው በመዳመጥ ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል። ባዘቶ የምንለው ያ ነጭና የተነፋ ጥጥ የደጋን ሥራ ነው።

ቃሉም አብሮን ይኖራል። «መትረየስ ደገነ» ስንል ከደጋን ጋር ዘመድ የሆነ ቃል ነው የምንጠቀመው። ቀስተ ደመናም የደመና ቀስት ማለት ነው፤ ሰማዩ ላይ ሁለት ክንዱ እኩል የጎበጠ ደጋን።

ታሪኩ ደግሞ በጣም ይርቃል። በዚሁ በአማራ ክልል፣ መተማ አካባቢ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር በተደረገ ቁፋሮ 74 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ተገኝተዋል። በጆን ካፕልማን የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት፣ ጫፎቹ ለፍላጻ ያገለገሉ ሳይሆን አይቀሩም ብሏል። ድንጋዩ ቆየን፤ እንጨቱ ግን ይበሰብሳል። ለዚህ ነው የደጋን ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ የሚጠፋው።

አልፎ አልፎ እንጨቱም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው «ኦትዚ» የሚባለው ሰው 1.82 ሜትር ርዝመት ያለው ደጋን ነበረው። ደጋኑ አላለቀም ነበር፤ የተፋቀበት ምልክት ዛሬም ይታያል። ሰውየው ሞት የቀደመው ገና እያስተካከለው እያለ ነው።

🔹 እንጨቱ ሲጎብጥ ውስጡ ምን ይሆናል?

ወደ ዒላማው የሚያየውን ገጽ ጀርባ፣ ወደ ቀስተኛው የሚያየውን ሆድ እንበለው። አውታሩ ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። ጀርባው ላይ ትንሽ ጭረት ወይም የተቆረጠ የእንጨት ጭራ ካለ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ የሚፋቀው ሆዱ ነው፤ ጀርባው አይነካም።

ሁለተኛው ነገር የውፍረት ጉዳይ ነው። የእንጨት ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ጥንካሬውም በግማሽ ይቀንሳል። ውፍረት ግን እንዲህ አይደለም። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጥንካሬው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ውፍረቱን 10 በመቶ ብቻ ብትቀንሱ እንኳ ጥንካሬው 27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 20 ሚሊ ሜትር የነበረው ክንድ 18 ሲሆን ከሩብ በላይ ደክሟል ማለት ነው። ለዓይን የማይታይ ፍቀት ደጋኑን የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የተፋቀ እንጨትም አይመለስም።

🔹 ከመፋቅ በፊት

✔ እንጨቱ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣ ያልተጣመመ ይሁን። ርዝመቱ የሠሪውን ቁመት ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። አጭር ደጋን ብዙ ሲሳብ ይጨነቃል።

✔ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ይጎብጣል፣ ግን እንደጎበጠ ይቀራል። ጫፎቹን በሰም ወይም በቀለም ዘግታችሁ ጥላ ውስጥ ለወራት አቆዩት። ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት ይሰነጠቃል።

✔ ጠንካራ ሁሉ ጥሩ አይደለም። የጽድ ዘመድ በሆነ ዛፍ ደጋን ይሠሩ የነበሩ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጀርባው ላይ የእንስሳ ጅማት ይለጥፉ ነበር፤ እንጨቱ መጨመቅን ቢችልም መለጠጥን እንዲችል እገዛ ይፈልግ ነበርና።

✔ ዛፍ አትቁረጡ። ወይራና ጽድ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጁ ታውቃላችሁ። ከተገረዘ ወይም ከወደቀ ቅርንጫፍ ተጠቀሙ። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ደግሞ ጭራሽ አይነካም።

🔹 የማስተካከል ሥራው

ሁለቱን ክንዶች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ ሁለት በሬዎች አስቧቸው። አንዱ እየለገመ ከሆነ የሚደክመው የሚስበው ነው። መገረፍ ያለበት ደግሞ የሚስበው በሬ አይደለም። ደጋን ላይም እንዲሁ ነው፦ የሚጎብጠውን ተዉት፣ የማይጎብጠውን ፋቁ። የዚህ ሙያ ዋናው ነገር ይህቺ ናት።

1. መጀመሪያ መሬት ላይ ሞክሩ። የደጋኑን ጫፍ መሬት አስነክታችሁ፣ መሐሉን ይዛችሁ በቀስታ ተጫኑት። አዙራችሁ ሌላውን ክንድ ሞክሩ። የቱ እንደሚግደረደር እጃችሁ ይነግራችኋል። ሁለቱም ትንሽ እስኪጎብጡ ድረስ ሆዱን ፋቁ።

2. ከዚያ ረዘም ያለ ጠንካራ ገመድ ጫፍና ጫፉ ላይ እሰሩ። ደጋኑን መሐሉ ላይ ግድግዳ ወይም ግንድ ላይ በደንብ አስደግፋችሁ አጋድሙት። ገመዱን መሐል ላይ በሌላ ገመድ አስራችሁ፣ ያንን ከታች ባለ ቀለበት አሳልፋችሁ ከርቀት ሳቡት። ሰው ደጋኑ ፊት ለፊት አይቁም።

3. ትንሽ ብቻ ሳቡና እዩ። ከመሐል ወደ ሁለቱም ጫፍ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ እንጨቱ ምን ያህል እንደወረደ ለኩ፤ ከዚያ ግራውን ከቀኙ አስተያዩ።

4. ቀጥ ያለው ቦታ ላይ በከሰል ወይም በእርሳስ ምልክት አድርጉ። እንደ ክርን ታጥፎ የሚታይ ቦታ ካለ እሱን አትንኩ። ከግራና ከቀኙ ያለውን ግትር ክፍል ፋቁ፤ ያኔ ሸክሙ ይከፋፈላል።

5. መጀመሪያ ላይ ሞረድ ይሠራል፤ በኋላ ግን ቢላዋ በቁሙ ይዞ መፋቅ ወይም ዱላ የሚያለሰልሱበት የጠርሙስ ስባሪ ይሻላል። ጓንት አድርጉ። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ፋቁና አቁሙ።

6. ከእያንዳንዱ ፍቀት በኋላ ደጋኑን በትንሹ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሳብ ለቀቅ አድርጉት። እንጨት የተፋቀውን ወዲያው አይናገርም፤ ሲሠራ ነው የሚያሳየው። ከዚያ እንደገና እዩ።

7. ጉድለት እያያችሁ ከዚያ በላይ አትሳቡ። ሲስተካከል ብቻ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ብዙ ሰው ደጋን የሚሰብረው ፍቀት ላይ አይደለም፤ «እስቲ ትንሽ ልሳበው» ሲል ነው።

🔹 ስልካችሁን ተጠቀሙበት

ዓይን ይሸነግላል፤ ብዙ ሰዓት የፈተጋችሁበት ነገር ሁሉ ቀጥ ያለ ይመስላችኋል። ስለዚህ ስልኩን ከደጋኑ መሐል ትይዩ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቃችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡት። በጣም ከቀረበ ጫፎቹን ያጣምማል፤ ራቅ ብሎ ዙም ማድረግ ይሻላል። ጓደኛችሁ ገመዱን ሲስብ ቪዲዮ ቅረጹ። ከዚያ አንዱን ፍሬም ስክሪንሾት አድርጋችሁ ወደ ግራ ቀኝ ገልብጡትና ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጡት። ሁለቱ ምስሎች ካልተመሳሰሉ ግትሩ ክንድ የትኛው እንደሆነ በአንድ እይታ ይታያችኋል። በየደረጃው ያነሳችሁትን ካስቀመጣችሁ ደግሞ ሥራችሁ ከየት ወዴት እንደሄደ ትከታተላላችሁ።

🔹 እኩል ማለት አንድ ዓይነት ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደጋን ስንይዝ እጃችን መሐሉ ላይ ያርፋል፣ ፍላጻው ደግሞ ከእጃችን በላይ ያልፋል። ስለዚህ የታችኛው ክንድ የበለጠ ጫና ያገኘዋል። ሠሪዎች አስበው ታችኛውን ጠንከር ያደርጉታል፤ አውታሩ ሲታሰር በላይኛው ክንድና በአውታሩ መካከል ያለው ርቀት ከታችኛው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ትክክል ነው። የጃፓኖቹ ዩሚ ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ረዝሞ መያዣው ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። ክንዶቹ በርዝመት አይገናኙም፤ ግን ሸክሙን ይካፈላሉ። የምንፈልገው መልካቸው እንዲመሳሰል ሳይሆን ድካማቸው እንዲመጣጠን ነው።

የማባዘቻው ደጋን ግን ጅማቱን ለመወጠር ያህል እንጂ እንደ ቀስት ብዙ አይሳብም፤ ስለዚህ ትንሽ መዛባትን ይታገሣል። ለጀማሪ እጅ መፍቻ ይሆናል ብለን እናምናለን።

⚠️ አደራ

ፍላጻ ሳይኖር አውታሩን ስባችሁ አትልቀቁ፤ ጉልበቱ የሚሄድበት ሲያጣ ክንዶቹን ይሰብራል። ሥራ ሲያልቅ አውታሩን ፍቱት። ስንጥቅ ካያችሁ ጣሉት፤ በሙጫ ለጥፎ መሳብ ዓይን ያስከፍላል። ወደ ሰው፣ ወደ ከብት፣ ወደ አውሬ አታነጣጥሩ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የአገር ሀብት ናቸው፤ ዒላማ ከፈለጋችሁ ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤት የፀጉር ወይም የጥጥ ደጋን ካለ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። ሠሪው አባት በሕይወት ካሉ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ «አባባ፣ የትኛውን ጎን ነው የፋቁት? የቱን ነው የተዉት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ቅረጹ። ፋብሪካ ብርድ ልብስ ባናን እየተካ ሲሄድ ደጋኑ ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ይቀራል፤ ከዚያ ማገዶ ይሆናል። እንጨቱን ሌላ ማግኘት ይቻላል። የቱን መተው እንዳለበት የሚያውቀውን ዓይን ግን ከሰው ነው የምናገኘው።

ፎቶውንና የሰማችሁትን ላኩልን፣ በገጻችን እናጋራዋለን። ለእንጨት ሥራ ወዳጅ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።