ድስቱን ከማጠባችሁ በፊት

ሰኞ ሰኞ ከካኮ ገበያ ማሽላ ሸምታችሁ ቤተሰብ የምትመግቡ እናቶችና እኅቶች! በቤት ውስጥ ሰው በድንገት ሲሞት የጎረቤት ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ምግቡን ባበሰለችው ሴት ላይ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሐሜትን የሚረታው ግን ምርመራ ነው።

በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ሆድ የሚያሳብጥ የጉበት በሽታ ታየ። ከአንድ ቤት ብዙ ሰው ያጠቃ ነበር፤ ምክንያቱም ለዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። በመጨረሻ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች የሚበላውን እህል በላቦራቶሪ ሲፈትሹ፣ ከእህሉ ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር ጉበት የሚጎዳ መርዝ እንዳለበት ደረሱበት። ተላላፊ በሽታም፣ የሰው ተንኮልም አልነበረም።

የመርዝ ላቦራቶሪ የሟቹን ደም፣ ሽንት፣ ጉበትና በጨጓራ ውስጥ የቀረውን ምግብ ይመረምራል። ማስረጃው ከጠፋ ግን መልስ ማግኘት ያዳግታል።

ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ቢያጋጥማችሁ ድስቱን አትጠቡ። የተረፈውን ምግብና እህል፣ የፀረ ተባይ መድኃኒቱንም ዕቃ ከነጽሑፉ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ከቀብር በፊት ለፖሊስና ለጤና ጣቢያ አስታውቁ። እህላችሁንም ሳታስፈጩ አበጥሩ፤ አረሙን ልቀሙ። ንጹሕ ሰው ከሐሜት፣ የቀሩትም ልጆች ከሞት የሚድኑት በዚህ ነው።