የጀልባ ሞተር ሲያረጅ

ጣና ላይ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ አካሉ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ከኋላው የሚታሰረው ሞተር ግን ቀድሞት ያረጃል። ባለጀልባው ከዕለት ገቢው ላይ የቤንዚን፣ የዘይትና የሠራተኛ ወጪ ቀንሶ የተረፈውን ትርፍ ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ግን ሞተሩ በሥራ ያለቀው ዋጋ አለበት። የሒሳብ ሰዎች የእርጅና ተቀናሽ የሚሉት ይህንን ነው። ያልቀነሰው ሰው የሞተሩን ዋጋ በየቀኑ እየበላው ነው።

የቀነሰውም ቢሆን አልዳነም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። ለምሳሌ 4,000 ዶላር የሚያወጣ ሞተር እንውሰድ። በቀድሞው ተመን 228,000 ብር ነው፤ በ130 ብር ስናሰላው 520,000 ይሆናል። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልተነኩም። ታክሱም የሚሰላው ወደ ብር በተመነዘረው ዋጋ ላይ ስለሆነ ከዶላሩ ጋር አብሮ ያድጋል። የተገዛበትን ዋጋ በታማኝነት ያጠራቀመ ሰው የአዲሱን ግማሽ እንኳ አልያዘም። ስለዚህ በየዓመቱ የወቅቱን ዋጋ ጠይቆ፣ ታሪፉንም ቁጠባውንም በዚያ ልክ ማስተካከል ግድ ነው።

ዋጋው ሲያስደነግጥ አነስ ወዳለ ሞተር መውረድ ያጓጓል። ጣና ላይ ይህ አያዋጣም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ውሃው ላይ 32 ወይም 33 ቢሆን ነው። ከዚያ ያነሰው፣ ሰው ሞልቶ ወደ ዘጌ ሲሄድ ሙሉ ጉልበቱን አሟጦ ስለሚሠራ ቤንዚን ይፈጃል፣ ቶሎም ያልቃል። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ደግሞ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ይደፍናል። ሞተሩ የሚተፋው ውሃ ሲቀጥን ወዲያው አጥፍቶ ማጽዳት ምንም አያስወጣም፤ ችላ ከተባለ ፒስተኑ በሙቀት ይጣበቅና ሌላ ሞተር ያስገዛል።

ሙሉ ዋጋውን በአንዴ መክፈል ለማይችል ባለጀልባ ሌላው መንገድ የካፒታል ዕቃ ሊዝ ነው፤ አዋጁ የወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። ማሽን ገዝተው በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ የሚያቀርቡ ድርጅቶችም አሉ። የደሴት ነዋሪ ገበያም ሐኪምም ጋ የሚደርሰው በጀልባ ነውና፣ የጀልባ ሞተርን እንደ ማንኛውም የማምረቻ መሣሪያ ቆጥረው ለባለጀልባዎች በራቸውን ይክፈቱ።