እንግዳ፣ ባሕርና የስኳር ኪኒን



ጣሊያን አገር ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። የአውሮፓ በጋ ሲገባ እህት እህቷን፣ ልጅ እናቱን ይጠራል። እንግዳ ተቀብሎ የባሕር ዳር ከተሞችን ማስጎብኘትም ደስ የሚል ነገር ነው። ታዲያ ስለ ቪዛውና ስለ ሻንጣው ኪሎ ስንት ጊዜ ሲመከር፣ እንግዳው ስለሚወስደው መድኃኒት የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በዚህ ወር የማነሣው ይህንኑ ነው።

እኔ በምኖርባት ላ ስፔዚያ በምትባል የወደብ ከተማ ባለፈው ሰኔ ጓደኛዬ ከታላቅ እህቷ ጋር ከአዲስ አበባ መጥታልኝ ነበር። ታላቅየዋን እኔም እንደ እሷ እትዬ ነው የምላቸው። ከከተማችን በባቡር ጥቂት እንደተሄደ አምስቱ የቺንኩዌ ቴሬ መንደሮች ይገኛሉ፤ ሪዮማጆሬ፣ ማናሮላ፣ ኮርኒሊያ፣ ቬርናጻና ሞንቴሮሶ። ገደል ላይ የተለጠፉት መንደሮችና በድንጋይ ካብ የተያዙት እርከኖች በ1997 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ግን ያን ያህል አይደነቅም።

ጠዋት ከቤት ስንወጣ እትዬ ሻይ ብቻ ጠጡ። ሞንቴሮሶ ደርሰን ምሳ ብንላቸው «እኔ በማላውቀው ቅባት የተሠራ ነገር አልበላም፤ እናንተ ብሉ» አሉ። ምግቡ ምን እንደሆነ ባስረዳቸውም እምቢ አሉ። ከዚያ በባቡር ወደ ኮርኒሊያ ሄድን። አራቱ መንደሮች ከባሕሩ አጠገብ ሲሆኑ ኮርኒሊያ ግን አናት ላይ ነች፤ ከባቡር ጣቢያው 382 ደረጃ ይወጣል። ትንሽ አውቶቡስም አለ፤ እርሳቸው ግን «እግሬን ላፍታታ» ብለው በደረጃው ጀመሩ። እኩሌታው ላይ ቁጭ አሉ። ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ይምታታ ጀመር። እህታቸው የፀሐዩ ነው ብላ ውኃ ልትሰጣቸው ስትል «እትዬ፣ ጠዋት የዋጡት ኪኒን አለ?» አልኳቸው። በራሳቸው ንቅናቄ አዎ አሉኝ። ግሊበንክላማይድ ነበር። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ለእኔ አልተነገረኝም፤ «እንግዳ ሆኖ ማስቸገር ነውር ነው» ብለው ደብቀውታል።

ለመሆኑ ምን ሆነው ነው? ግሊበንክላማይድ ቆሽታችን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው። ሰውየው ይብላ አይብላ አያውቅም። ኪኒኑ ተውጦ ምግብ ሲቀር፣ በዚያ ላይ ዳገት ሲወጣ፣ የደም ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችም እንደዚሁ ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ይህን ማድረጉ እምብዛም ነው። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ማወቅ ያስፈልጋል፤ «የስኳር ኪኒን» ማለት ብቻ አይበቃም።

እዚያው 15 ግራም ያህል ስኳር ሰጠኋቸው። ጣሊያኖች በቡና ቤት ከቡና ጋር የሚሰጧቸው ትንንሽ የስኳር ከረጢቶች ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፉም፤ ሦስት አራቱ ይበቃል። ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂም ይሆናል። 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለ መድገም ነው። ሲሻል ደግሞ ምግብ መብላት ግድ ነው፤ የግሊበንክላማይድ ጉልበት ለሰዓታት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ 112 መደወል ነው። እትዬ አልሐምዱሊላህ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነቃ አሉ፤ ይዤው የነበረውንም ፋሪናታ በሉ።

ፋሪናታ ማለት ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃ፣ ከወይራ ዘይትና ከጨው ብቻ የሚጋገር የዚያ አካባቢ ቂጣ ነው። ለእኛ እንግዶች ከዚህ የተሻለ የመንገድ ስንቅ አላየሁም። ሐላልነቱ አያሳስብም፤ ሽምብራው ከነጭ ዳቦ ይልቅ የደም ስኳርን ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሣው። ፎካቻ የሚሉት ዳቦ በአካባቢው ልማድ በወይራ ዘይት ይሠራል፤ አንዳንድ ጋጋሪ ግን ስትሩቶ፣ ማለትም የአሳማ ሞራ ይጨምርበታልና «ስትሩቶ አለው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የላ ስፔዚያ ሰዎች ሙስኮሊ የሚሉት ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ ብዙ ጊዜ በነጭ ወይን ጠጅ ይበስላል። ወይን ጠጁ ሲበስል ሙሉ በሙሉ ይተናል የሚሉ አሉ፤ እውነት አይደለም፣ የተወሰነው ይቀራል። ፔስቶ ውስጥ የሚገባው የፓርሚጃኖ አይብ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ እርሾ ነው፤ በዚህ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። የሞንቴሮሶ ሰንጋ አይደለም፣ አንቾቪ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ናት ዝነኛዋ። የተጠበሰችው መልካም ነች። በጨው የታሸገችው ለደም ግፊት ሕመምተኛ አትሆንም። በሎሚ ብቻ «የበሰለችው» ደግሞ ጥሬ ነች፤ ሎሚ የዓሣን ጥገኛ ትል አይገድልም፣ አስቀድሞ በረዶ ቤት በ-20 ዲግሪ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት አለባት።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ኩሽናው እስከ ምሽት ይዘጋል። በሰኔ የዙህር ሰላት የሚገባው በዚሁ መካከል ስለሆነ፣ ሰግደን እንበላለን ያለ ሰው ዝግ በር ሊገጥመው ይችላል። አላህ ለሕመምተኛና ለመንገደኛ የረመዳንን ጾም እንኳ በሌላ ቀን እንዲያካክሱ አግርቷል፤ የስኳር ኪኒን ውጦ በረሃብ መዋል ከየት የመጣ ጥንካሬ እንደሆነ አይገባኝም።

እንግዳን «ሕመም አለብህ?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ያሳፍራል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «የለም፣ ደህና ነኝ» ነው። «ቁርስ በስንት ሰዓት ላቅርብ? ከምግብ በፊት የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ቢባል ግን ነገሩ ይወጣል። እንግዳው በበኩሉ መድኃኒቱን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ኢንሱሊን በጭነት ሻንጣ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል፤ ባሕር ዳርም ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አይተውም። ደግሞም ጣሊያን ውስጥ ራስ ምታት ሲባል የሚሰጣችሁ ታኪፒሪና ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ከአገር ቤት ከመጣው ፓራሲታሞል ጋር ደርባችሁ አትዋጡ።