ከጉብሬ እስከ ውቅያኖስ ወለል፦ ያላዩትን መሬት በካርታ ማስፈር

በጉራጌ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ባሕር አይደርስም። በምዕራቡ ተዳፋት፣ በጉብሬና በወልቂጤ በኩል የሚወርደው ውኃ በዋቤ ወንዝ አድርጎ ከግቤ ጋር ይቀላቀልና በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በቡታጅራ በኩል የሚወርደው ደግሞ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ያመራል። ስለዚህ የአካባቢያችን ተማሪ ስለ ውቅያኖስ ወለል እንዲያጠና ሲጠየቅ «እኛን ከባሕር ጋር ምን አገናኘን?» ቢል አይፈረድበትም። በዚህ ጽሑፍ የየብስንና የውቅያኖስ ወለልን ገጽታ በካርታ የማስፈር ትምህርት ከዚሁ ከደጃችን ሊጀመር እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን አንድ የቃል ችግር እናንሳ። በብዙ ጽሑፎች «ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር» ሲባል እናነባለን። ወለል ግን የቤትም ሆነ የባሕር ታችኛው ክፍል ነው። የየብስ ከፍታ የሚለካው ከውኃው አማካይ የላይኛው ገጽ ተነሥቶ ስለሆነ እኛ ለዚህኛው «ጠለል» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ጠለሉና ወለሉ በአማካይ ወደ 3,700 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህም የጉራጌ ሰንሰለት ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ዘቢዳር ከጠለሉ በላይ ካለው ከፍታ ጋር ተቀራራቢ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከጉብሬ ተነሥቶ የተራራውን ሰንሰለት አቋርጦ፣ በቡታጅራ በኩል ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርድ መስመር በካርታ ላይ እናስምር። ርዝመቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ እያንዳንዱን የኮንቱር መስመር የሚያቋርጥበትን ነጥብ ከነከፍታው መዝግበን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ስናሰፍረው፣ መሬቱ በቢላ ተቆርጦ ከጎን የታየ ያህል ቅርጹ ይወጣል። ይህ ፕሮፋይል ይባላል። በምዕራብ ቀስ በቀስ የሚነሣው፣ በምሥራቅ ግን ወደ ስምጥ ሸለቆው በፍጥነት የሚወርደው መሬት በአንድ እይታ ይታያል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱበት ጉዳይ አለ። በአግድም 1 ሴንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትርን እንዲወክል ብናደርግ መስመራችን 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለከፍታውም ይህንኑ እስኬል ብንጠቀም ግን ከዝዋይ ሐይቅ እስከ ዘቢዳር ጫፍ ያለው 2,000 ሜትር የሚያህል ልዩነት 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ተራራው ይጠፋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁመቱን 10 ጊዜ እናጎላዋለን፤ 1 ሴንቲ ሜትር 250 ሜትርን ይወክላል። ይህን ሳይጽፍ የሚያልፍ ተማሪ ቀጥ ያለ ግድግዳ ስሎ ተራራ ነው ይለናል። በመማሪያ መጻሕፍት የምናያቸው የውቅያኖስ ሥዕሎችም በዚሁ መንገድ የጎሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ መጻሕፍት ግን ይህን አይነግሩንም።

የየብሱን ካርታ በዓይናችን እናመሳክራለን። ውኃው የሸፈነውንስ? ለዚህ የጫማ ካርቶን በቂ ነው። አንድ ቡድን በካርቶኑ ውስጥ በጭቃ ተራራ፣ ሜዳና ሸለቆ ሠርቶ ክዳኑን ይዘጋል። ሌላው ቡድን በክዳኑ ላይ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ እየበሳ፣ ሴንቲ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን ሽቦ እያስገባ ጥልቀቱን ይለካል፤ ከዚያም ካርታውን ይሠራል። ክዳኑ ሲነሣ ዘወትር አንድ ነገር ይጎድላል። ጠባቡ ሸለቆ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ወድቆ ሳይለካ ቀርቷል፤ ሠዓሊው ግን በእርግጠኝነት ሜዳ አድርጎ ስሎታል። በየብስም ቢሆን ያው ነው። ከቡታጅራ አጠገብ ያለው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረው ክብ ጉድጓድ፣ ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በየ2.5 ኪሎ ሜትሩ የሚለካ ሰው በአጠገቡ ሊያልፈው ይችላል። ተማሪው ከዚህ ልምምድ በኋላ ካርታ ሲያይ «ስንት ቦታ ተለክቶ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ይህን ጥያቄ መቶ የውቅያኖስ ቦዮችን ስም ከመሸምደድ አብልጠን እንመለከተዋለን።

መርከቦች በሽቦ ፋንታ የሚጠቀሙት የገደል ማሚቶን ነው። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመርከቧ የተላከው ድምፅ ወለሉን ነክቶ በ4 ሰከንድ ቢመለስ የሄደው 6,000 ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ስለሆነ ለ2 ሲካፈል ጥልቀቱ 3,000 ሜትር ይሆናል። የዛሬዎቹ የሶናር መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ጨረር ልከው ሰፊ ቦታ ያካልላሉ፤ ያም ሆኖ በዚህ ዓይነት በዝርዝር የተለካው የውቅያኖስ ወለል ከሩብ እምብዛም አይዘልም። ለቀረው የምንመካው በሳተላይት ነው። ከባሕር በታች ያለ ትልቅ ተራራ በስበቱ ውኃውን ወደ ራሱ ስለሚስብ ጠለሉ በጥቂቱ ያብጣል፤ ሳተላይቷም ይህን እብጠት ትለካለች። ትናንሽ ቅርጾች ግን ያመልጧታል።

የእኛ ስምጥ ሸለቆ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ገደማ አሜሪካዊቷ ጂኦሎጂስት ሜሪ ታርፕ መርከቦች የሰበሰቡትን የጥልቀት ልክ ይዛ የሰሜን አትላንቲክን ስድስት ፕሮፋይሎች ትሠራ ነበር። በዘመኑ ሴቶች በምርምር መርከብ ላይ እንዲሳፈሩ ስለማይፈቀድ የምትሥለውን ባሕር ለመለካት አልወጣችም። በውቅያኖሱ መካከል ባለው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ፣ በእያንዳንዱ ፕሮፋይል ማለት ይቻላል፣ አንድ ስርጉድ ቦታ ተደጋገመባት። ስምጥ ሸለቆ ነው አለች። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን በመጀመሪያ አልተቀበላትም። በዚያው ሰሞን ሃዋርድ ፎስተር በተመሳሳይ እስኬል የመሬት መንቀጥቀጥ ነጥቦችን ያሰፍር ነበርና ሁለቱ ካርታዎች ሲነባበሩ ነጥቦቹ በሸለቆው ላይ ተደርድረው ተገኙ። የነጥቦቹ መስመር በሕንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ሲቀጥልም የደረሰው የታወቀ ስምጥ ሸለቆ ዘንድ ነው፤ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ። በስድስት መስመር ብቻ ተለክቶ የነበረውን የባሕር ሸለቆ ምንነት ለመረዳት በየብስ ያለው አቻው አገዘ።

የሁለቱ መመሳሰል በአጋጣሚ አይደለም፤ በሁለቱም ስፍራ የመሬት ቅርፊት እየተሳሳበ ይከፈታል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት መሬቱ ተሰንጥቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቦታ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል፤ ክፍተቱንም ከሥር የመጣ ቅልጥ ዐለት ሞልቶታል። በውቅያኖስ መካከል ከብዙ ሺህ ሜትር ውኃ በታች የሚፈጸመውን ክንውን ተመራማሪዎች በእግራቸው ቆመው አዩት።

ተማሪው የጉብሬን ፕሮፋይል ሲጨርስ ከሥሩ የ0 ሜትር መስመር ያስምር፤ መሬቱ በሙሉ ከመስመሩ በላይ ይውላል። ቀጥሎ በዳሎል በኩል የሚያልፍ ፕሮፋይል ይሥራ። በዚያ መሬቱ ከጠለሉ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል የ0 መስመር ከመሬቱ በላይ በአየር ላይ ያልፋል፤ ቀይ ባሕርን ያገደው በመካከል ያለው ከፍታ ነው። ቀድሞ ባሕሩ ይገባበት እንደነበር የሚመሰክረው ጨው ግን እዚያው አለ፤ አያቶቻችን በገበያ እንደ ገንዘብ ይቀባበሉት የነበረው አሞሌ የሚቆረጠው ከዚያው ነው።