ግንብ በውኃ ይጸናል፤ በውኃም ይፈርሳል

ሰው በዕድሜው ከሚያወጣው ወጭ ሁሉ የሚበልጠው የቤት መሥሪያ ወጭ ነው። ልብስ ቢያረጅ ይለወጣል፤ በሬ ቢሞት ይተካል፤ ግንብ ግን አንድ ጊዜ ተበላሽቶ ከቆመ የሚታረመው በማፍረስ ነው፤ ሳይታረም የቀረ እንደ ሆነም በውስጡ በሚተኙት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቤት ወይም ሱቅ ለማሠራት ያሰበ ሰው የብዙ ዘመን ጥሪቱን ለግንበኛ ከማስረከቡ አስቀድሞ ግንብ በምን እንደሚጸና በምንም እንደሚፈርስ መረዳት ይገባዋል። ይህ ዕውቀት ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም። መሐንዲሱ ንድፉን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ግንበኛውም ሲመሽ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከግንቡ ጋራ ሌሊቱንም ክረምቱንም የሚኖሩት ባለቤቱና ባለቤቲቱ ከነልጆቻቸው ናቸው።

ብዙ ሰው የግንብ ጥንካሬ በሲሚንቶው ብዛትና በድንጋዩ ውፍረት ብቻ የሚለካ ይመስለዋል። ነገሩን ጠልቀው ሲመረምሩት ግን ከሁሉ የሚበልጠው የውኃ ነገር ነው። ውኃ በልክና በጊዜው ሲሰጥ ግንብን ድንጋይ ያደርገዋል፤ ከልክ ሲያልፍና ያለ ጊዜው ሲመጣ ያንኑ ግንብ ይፈታዋል። ለዚህ ነገር ከጎንደሩ ከቁስቋም የተሻለ ምስክር ለማግኘት ያስቸግራል።

የቁስቋም ምስክርነት

ቁስቋም ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ከተራራ ሥር የተመሠረተ ደብር ነው። ስሙም በግብፅ አገር እመቤታችን ከልጇ ጋራ በስደቷ ካረፈችበት ከቁስቋም ተራራ የተወሰደ ሲሆን በዓሉ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ቤተ ክርስቲያኑንና በአጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት ያሠሩት፣ ልጃቸው ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ በ1723 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ ስመ መንግሥታቸው ብርሃን ሞገሳ የተባለ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እቴጌይቱ የመጨረሻ ዘመናቸውን በዚሁ ስፍራ አሳልፈው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። የስኮትላንድ መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ በቁስቋም ተቀምጧል።

በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲወርሩ ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ፤ በኋላም እንደ ገና ተሠራ። ቤተ መንግሥቱ ግን ጣራውን አጥቶ ቀረ። ዛሬ ፍርስራሹን በማስተዋል የሚመለከት ሰው ጥቁሩን ድንጋይ፣ በመካከሉ የገባውን ኖራና በቀይ ለስላሳ ድንጋይ የተቀረጸውን መስቀል ያያል፤ ከዚያም በላይ አንድ ትልቅ ትምህርት ያገኛል። ጣራ የሌለው ግንብ አናቱን ለዝናም ይሰጣል፤ ዝናሙ በስንጥቅ ገብቶ ኖራውን እያጠበ ያወርዳል፤ በኖራው ፈንታ አፈር ይገባል፤ በአፈሩ ላይ ሣርና ቍጥቋጦ ይበቅላል፤ ሥሩም እንደ ሽብልቅ ሆኖ ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያል። ግንብ ሲፈርስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ወይ ከአናቱ ወይ ከእግሩ ነው፤ በሁለቱም በኩል የሚገባው ጠላት ውኃ ነው።

ስለ ኖራና ስለ ሲሚንቶ

የጎንደር ግንቦች፣ በ1628 ዓ.ም. ግድም ከተማይቱን ከቈረቈሩት ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ፣ የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ማለት በእሳት የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውኃ ሲፈስበት ይፈላል፣ ይለሰልሳልም፤ ከአሸዋ ጋራ ተለውሶ በግንብ ውስጥ ከገባ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ሮማውያን ይህንኑ ኖራ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋራ ለውሰው ከጌታ ልደት በኋላ በ120ዎቹ ዓመታት በሮም ከተማ ፓንቴዎን የተባለውን ቤት ፈጸሙ፤ ወርዱ 43 ሜትር የሚሆን ጕልላቱም አንድ ፌሮ ብረት ሳይኖርበት እስከ ዛሬ ቆሟል።

ዛሬ የምንጠቀምበት ሲሚንቶ ግን ሌላ ነው። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የእንግሊዝ ግንበኛ ፖርትላንድ ብሎ በሰየመው ሲሚንቶ ላይ በ1824 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1867 ደግሞ ጆሴፍ ሞኒዬ የተባለ የፈረንሳይ አትክልተኛ በውስጡ ብረት ያለበትን አርማታ አስመዘገበ። በጎንደር ይህ አሠራር የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ነው። ያን ጊዜ ጥንታውያኑን ግንቦች በሲሚንቶና በአርማታ ለመጠገን ተሞክሮ ነበር፤ በኋላ ግን ጥገናው ለጥንቱ ሥራ የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ በኖራ እንዲታረም ተደርጓል።

ምክንያቱ ለማንም ቤተ ሰብ የሚጠቅም ነው። የኖራ ግንብ ይተነፍሳል፤ ከመሬት የመጣውን ርጥበት በኖራው በኩል ያወጣል። በላዩ ደረቅ የሲሚንቶ ልስን ሲለጠፍበት ርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ በውስጥ ተከማችቶም የድንጋዩን ፊት ይገምሳል። ስለዚህ ከአያቱ የድንጋይና የኖራ ቤት የወረሰ ሰው በኖራ ያድሰው፤ በሲሚንቶ አያፍነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ሲሚንቶን እንደ ጠባዩ ይያዘው። የሲሚንቶ ጠባይ የሚታወቀው ከዚህ በታች በተጻፈው ነው።

ሲሚንቶ አይደርቅም፤ ይጸናል

በየሥራው ቦታ «አርማታው ደርቋል» ሲባል ይሰማል። ይህ አነጋገር ብዙ ቤት አፍርሷል። ጭቃ ሲደርቅ ውኃው ወጥቶ ይጠነክራል፤ ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው ውኃውን ይዞ ከውኃው ጋራ ሲዋሐድ ነው፤ በውኃ ውስጥ ቢጥሉት እንኳ ይጸናል። ውኃው ሳይዋሐደው በፀሐይና በነፋስ የተወሰደበት እንደ ሆነ ግን ላዩ ድንጋይ መስሎ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ይህን የተረዳ ባለቤት የሚከተለውን ሁሉ በቀላሉ ያስተውላል።

1ኛ፤ ስለ መሠረት። በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ግንብ አይሸከምም። ይህን አፈር ጠርጎ እስከ ጽኑው መሬት መቈፈር ግዴታ ነው። እንደ ቁስቋም ባለ ተዳፋት ላይ የሚሠራ ሰው ከቤቱ በላይ በኩል የጐርፍ መውረጃ ቦይ አስቀድሞ ይቅደድ፤ የቤቱንም ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርገው።

2ኛ፤ ስለ አሸዋ። ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲሚንቶን ከጠጠሩ ጋራ እንዳይያያዝ ይከለክለዋል። ይህንን ባለቤቲቱ በቤቷ ልትመረምረው ትችላለች። በብርጭቆ ጠርሙስ እስከ እኩሌታው አሸዋ ጨምሮ፣ ውኃ ሞልቶ፣ መትቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። በማግሥቱ አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይታያል። ጭቃው ከመቶ 6 እጅ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ለሻጩ ይመለስ።

3ኛ፤ ስለ አርማታ። ለዐምድና ለቢም የሚሆን አርማታ በተለመደው ልክ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር ነው። መሐንዲስ ሌላ ልክ ከሰጠ የእርሱ ይጠበቅ። ልኩ በአካፋ ግምት ሳይሆን በሳጥን ይሰፈር። ውኃው ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ከ25 ሊትር ብዙ ባይርቅ መልካም ነው፤ አሸዋው ርጥብ ከሆነ ደግሞ ይቀንሳል። ሠራተኛ ለመዛቅ እንዲቀለው ውኃ መጨመር ይወዳል። ትርፉ ውኃ ግን ኋላ ተንኖ ሲሄድ የነበረበትን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ በዚያ ቀዳዳ ርጥበት ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣልና አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ፌሮው ከጣውላው ጋራ ተጣብቆ አይተኛ፤ በዙሪያው ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል አርማታ ይሸፍነው። የተለወሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥራ ላይ ይዋል፤ መድረቅ የጀመረውን ውኃ ጨምሮ እንደ ገና ማላወስ በሲሚንቶ ገንዘብ አፈር መግዛት ነው።

4ኛ፤ ስለ ብሎኬት። የተለመደው ብሎኬት ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወርዱ 10፣ 15 ወይም 20 ነው። ትናንት ተመትቶ ዛሬ የተጫነ ብሎኬት አይገዛም። ሁለቱን ቢያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ፣ ማዕዘኑ በጣት የማይፈረፈር፣ በምስማር ሲጭሩት እንደ አሸዋ የማይራገፍ ይመረጥ። ሻጩም ስንት ቀን ውኃ እንዳጠጣው ይጠየቅ።

5ኛ፤ ስለ አቋቋሙ። የታችኛው ረድፍ መገጣጠሚያ ከላይኛው መገጣጠሚያ ጋራ በአንድ መስመር አይዋል፤ አንዱ ብሎኬት በሁለት ላይ ይረፍ። በየረድፉ ቱንቢና ውኃ ልክ ይያዝ። ግንቡ በአንድ ቀን ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ባይነሣ ይሻላል፤ በታች ያለው ልውስ ሳይጸና ሸክም ይበዛበታልና። በበርና በመስኮት ላይ የአርማታ ጕበን ይደረግ፤ ጫፎቹም በግራና በቀኝ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ግንቡ ላይ ይረፉ። ከዚህ በላይ ግንቡን ሁሉ እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚያስር የአርማታ ቢም ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ቤቶችን ማነቃነቁ ለዚህ ነገር በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ነጋዴዎችም የሱቃቸውን በር ለማስፋት መሐንዲስ ሳያማክሩ ግንብ ከመሸንቈር ይጠበቁ፤ የሸነቈሩት ምናልባት የላይኛውን ፎቅ የተሸከመው ይሆናል።

6ኛ፤ ስለ ማጠጣት። ከሁሉ የሚበልጠውና ከሁሉ የሚረሳው ይህ ነው። አርማታ ከፈሰሰ ጀምሮ ቢያንስ 7 ቀን ሳይቋረጥ ርጥብ ሆኖ መቈየት ይገባዋል፤ ሙሉ ኃይሉ የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። በአገራችን ግንብ የሚሠራው በበጋ ነው፤ በጎንደር ደጋ በጥርና በየካቲት ነፋሱ ደረቅ፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው፤ ውኃ የሚቸግረውም በዚያው ወራት ነው። ቤተ ሰብ ለመጠጥ የሚሆነውን በጀሪካን ሲጠባበቅ ለግንብ ማፍሰስ ብክነት ይመስለዋል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲሚንቶውን በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ውኃውን መንፈግ፣ ዘር ዘርቶ ዝናሙን እንደ መከልከል ነው። ስለዚህ የውኃው ዋጋ ከሲሚንቶው ዋጋ ጋራ አስቀድሞ ይታሰብ፤ በርሜል ይዘጋጅ፤ አርማታው በርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ጧትና ማታ የሚያጠጣ አንድ ሰው ከቤተ ሰቡ መካከል ተለይቶ ይመደብ።

7ኛ፤ ስለ ጣራ። ቤቱ ሰኔ ሳይገባ ይከደን። የጣራው ክፈፍ ከግንቡ ውጭ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ አሸንዳም ይኑረው፤ ከአሸንዳው የሚወርደውም ውኃ ከመሠረቱ የሚርቅበት መንገድ ይበጅለት። የአጥር ግንብ እንኳ አናቱ በአርማታ ክዳን ይሸፈን። የቁስቋም ፍርስራሽ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ስለ ውል

ግንብ ሲሰነጠቅ ባለቤትና ግንበኛ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ባለቤቱ «ሲሚንቶዬን አጕድሎብኛል» ይላል፤ ግንበኛው «ውኃ አላጠጣም ብሎ ያበላሸው ራሱ ነው» ይላል። በጽሑፍ የተለየ ነገር ከሌለ ዳኛው በመካከላቸው ምን ይይዛል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለአሠራሩ ደግነትና ለሥራው ጽናት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ነገር ግን ይህን መብት የሚጠቀምበት ማስረጃ የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ የሲሚንቶው፣ የአሸዋውና የጠጠሩ ልክ፣ የፌሮው ውፍረትና ቍጥር፣ የማጠጫው ቀንና አጠጪው ማን እንደ ሆነ፣ የርክክቡም ቀን ተለይቶ ይጻፍ። ክፍያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን መሠረቱ፣ ግንቡና ጣራው ሲፈጸም በየተራው ይሁን። አርማታ በሚፈስበት ቀን ባለቤቱ ወይም ባለቤቲቱ ከስፍራው አይታጡ፤ ከተሸፈነ በኋላ ማንም አያየውምና።

እነዚህ ነገሮች የሚጠይቁት ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ትዕግሥትንና ትጋትን ነው። የሰባት ቀን ውኃ፣ አንድ ጠርሙስ አሸዋ፣ አንድ የመስፈሪያ ሳጥን፣ አንድ ገጽ ውል ከድኻውም ከባለጸጋውም አቅም በላይ አይደሉም። ቤቱን ለልጁና ለልጅ ልጁ ለማውረስ የሚወድ ሰው ሁሉ በሚሠራበት ጊዜ ውኃውን አይንፈገው፤ ከተሠራም በኋላ ውኃውን አያስጠጋበት።