ከደባርቅ ወደ ጣና ደሴት፦ ባልና ሚስት አብረው የሚያቅዱት ጉዞ

ለመሆኑ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ለዕረፍት ብቻ ብላችሁ ከቤት የወጣችሁት መቼ ነው? ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለኮንፈረንስ እንሄዳለን። ዕረፍትን ግን ብዙዎቻችን «የሀብታም ነገር ነው» ብለን ትተነዋል። ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ጥቂት እንዲያርፉ በጀልባ ለብቻቸው ወሰዳቸው (ማርቆስ 6፥31-32)። ዕረፍት ቅንጦት አይደለም።

እኛ የደባርቅና የዳባት ደገኞች ባሕር ባይኖረንም ጣና ሩቅ አይደለም። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎንደር ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ስትወርዱ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለችውን ጎርጎራን ታገኛላችሁ። እንግዲህ አብራችሁ ተቀምጣችሁ በእነዚህ ነገሮች ላይ ተነጋገሩ።

መንገዱ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ የመንገዱን ደኅንነት ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። በመስመሩ የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ። «ጌታ ይጠብቀናል» ብሎ ሹፌር በሚፈራው መንገድ መሄድ እምነት አይደለም። ጊዜው ካልተመቸ ገንዘባችሁን አስቀምጡና ቆዩ።

ወቅቱ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይጠራል። አርሶ አደር ከሆናችሁ ግን እህሉ ከገባ በኋላ ጥር ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስና ማዕበል ስለሚነሣ በጠዋት ተሳፈሩ።

ጤና። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እኛ የማናውቃት የወባ ትንኝ እዚያ አለች። አጎበር ያዙ። እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አስቀድመሽ የጤና ባለሙያ አማክሪ። በሐይቁ ዳር ብልሃርዝያ ስላለ ውኃው ውስጥ ገብታችሁ አትታጠቡ።

ጀልባው። ዋጋውን፣ የምትሄዱበትን ደሴትና ጀልባው ቆሞ የሚጠብቃችሁን ሰዓት ሳትሳፈሩ ተስማሙ። ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ ወይም ሰው ከበዛበት ውረዱ። አብዛኞቻችን ዋና አናውቅም። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ለዓይን ያምራል፤ ለእኛ ግን የሞተር ጀልባ ይሻላል።

ደሴቱ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶችን አያስገቡም። ይህን ሳታውቁ ብትሄዱ ሚስት ጀልባ ላይ ቀርታ ባል ብቻውን ይጎበኛል፤ የታሰበው አብሮነትም ይቀራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ሁለታችሁንም ይቀበላል። በሥዕሎቹ የታወቀ ነው። የሌሎች ወገኖቻችን የጸሎት ስፍራ ስለሆነ ልብሳችሁ ጨዋ ይሁን፤ ጫማችሁን አውልቁ፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

ገንዘብና ፍርሃት። በብዙ ቤት ጉዞ የሚበላሸው በዚህ ነው። ወንድሜ፣ ገንዘቡ ካነሰ ለሚስትህ ንገራት እንጂ ሸሽገህ አትበደር። በየወሩ ጥቂት ብር አስቀምጡ፤ ወይም ዕቁብ ግቡ። እህቴ፣ ውኃ የምትፈሪ ከሆነ ዛሬ ተናገሪ። ባል ሆይ፣ ስትነግርህ አትሳቅባት። ደቅ ከራቀባችሁ ከጎርጎራ ዳርቻ ብዙ ሳትርቁ በጀልባ ዞራችሁ ብትመለሱም ዕረፍቱ ያው ዕረፍት ነው። ስንቁንም አብራችሁ አዘጋጁ። ሌሊቱን ሙሉ ስትጋግር ያደረች ሚስት ጀልባው ላይ ታንቀላፋለች እንጂ አታርፍም። ዳቦና የገብስ ቆሎ ይበቃል።

ደቀ መዛሙርቱ ማዶ ሲደርሱ ሕዝቡ ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር። እናንተንም ስትመለሱ ልጆች፣ እንግዶችና ሥራ ይጠብቋችኋል። ያም ሆኖ ስለ ገንዘቡና ስለ ፍርሃቱ በግልጽ የተነጋገሩ ባልና ሚስት ሌላውንም የቤት ጉዳይ መነጋገር አይከብዳቸውም። እንግዲያስ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ቀን መቍጠሪያውን አውርዱና አንድ ቀን ምረጡ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።